መብራት ከባሕር እንዴት ይመጣል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ሰሜን ባሕር ላይ ስለተተከሉት የንፋስ ተርባይኖች አውርተን ነበር። የደወላችሁት ግን አብዛኞቻችሁ መብራቱን ወደ የብስ የሚያመጣውን ኬብል ባሕር ውስጥ ስለሚዘረጋው መርከብ ነው የጠየቃችሁት። ደግ አደረጋችሁ። ሰው ሁሉ ማማውን ያያል፤ ኬብሉን የሚያስታውስ የለም።

ከአዳማ የደወሉ አድማጭ፦ «ያን ሁሉ ኬብል መርከብ ላይ እንዴት ይጭኑታል?»

በመኪናማ አይሞከርም። ፋብሪካዎቹ ወደብ ዳር ናቸው። መርከቡ ደጃፋቸው ይቆማል፤ ኬብሉ ከፋብሪካው በቀጥታ እየተሳበ ይገባል። መርከቡ ላይ እንደ ምጣድ ክብ የሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚዞር ግዙፍ መጠቅለያ አለ፤ ካሩሰል ይሉታል። ኬብሉ እዚያ ላይ ዙር በዙር ይጠመጠማል። ከልክ በላይ ከታጠፈ ውስጡ ስለሚጎዳ ችኮላ የለም፤ ጭነቱ ቀናት ይፈጃል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ የጀመረው የኬብል አምራቹ የፕሪዝሚያን ኩባንያ መርከብ «ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ» ሁለት ካሩሰል አለው፤ አንዱ 10,000፣ ሌላው 7,000 ቶን ይይዛል። ብዙ ይመስላል አይደል? ወደ የብስ የሚመጣው ወፍራም ኬብል ግን ሜትሩ 100 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ 7,000 ቶን ማለት 70፣ 10,000ውም 100 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሆርንሲ አንድ የተባለው የእንግሊዝ የንፋስ ጣቢያ ደግሞ ከባሕር ዳርቻው 120 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ስለዚህ እንዲህ ያለው መስመር በቁራጭ ተዘርግቶ ባሕር ላይ ይቀጠላል። ለእኔ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው። ኬብሉን የሚቀጥሉት ባለሙያዎች አቧራና እርጥበት በማይገባበት ክፍል ውስጥ ቀናት ይሠራሉ፤ መርከቡም እስኪጨርሱ ንቅንቅ አይልም።

ከጅዳ የደወለ ወጣት፦ «መርከቡ መልህቅ ሳይጥል እንዴት ይቆማል? ኬብሉንስ የሌላ መርከብ መልህቅ አይበጥሰውም?»

ኮምፒውተሩ ቦታውን ከሳተላይት ያነባል፤ ከመርከቡ ሥር ያሉትን ሞተሮች እያዞረ ንፋሱንና ሞገዱን ይመክታል። መልህቅ ያልከው ትክክለኛ ስጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 እናንተው ጋ፣ ቀይ ባሕር ውስጥ፣ በሁቲዎች ሚሳይል የተመታችው የሩቢማር መርከብ መልህቋን እየጎተተች የኢንተርኔት ኬብሎችን ሳትቆርጥ አልቀረችም ተብሏል። ለዚህ ነው የንፋስ ጣቢያ ኬብል ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሜትር የሚቀበረው። መሬቱ አልቆፈር ካለ ድንጋይ ይከመርበታል። ዓሣ አጥማጆችም መረባቸውን ወለሉ ላይ ይጎትታሉ፤ እሱም ቀላል ጠላት አይደለም።

ከወላይታ ሶዶ የደወሉ መምህር፦ «ከእኛ ተነስቶ ኬንያ የሚሄደው የኤሌክትሪክ መስመር ዲሲ ነው። የባሕሩስ?»

እንደ ርቀቱ ነው። ዲሲ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሲ ደግሞ አቅጣጫውን በሴኮንድ ደጋግሞ ይቀያይራል። ኤሲ በረጅም የባሕር ኬብል ሲሄድ፣ ኬብሉ ራሱ በሴኮንድ ደጋግሞ ኃይል እየሞላና እየለቀቀ አቅሙን ይበላዋል። በአየር ላይ በተዘረጋ ሽቦ ይህ ችግር በጣም ያነሰ ነው። ሆርንሲ አንድ በኤሲ ቢሄድም መሃል ባሕር ላይ ይህን ችግር የሚያቃልል ማስተካከያ ጣቢያ መትከል ግድ ሆኖበታል። ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀው ሌላው የእንግሊዝ የንፋስ ጣቢያ ዶገር ባንክ ግን ከመነሻው ዲሲ መርጧል።