ያልፈረመችው እህት
የማኅበሩ ሰብሳቢ በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ያሰሙት የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከጤና ቢሮዎችና ከዩኒቨርሲቲዎች የመጣችሁ ባልደረቦች፣ ክቡራትና ክቡራን እንግዶቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዘንድሮ ጉባኤያችን መነጋገሪያ የዘረመል ምርምር ሥነ ምግባር ነው። ነገሩ ሰፊ ስለሆነ በአንድ ሥራ ላይ ብቻ ልቆይ፤ ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ኢትዮጵያ በፖዶኮኒዮሲስ ላይ ባካሄዱት ጥናት።

በሽታውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሕዝባችን በጥቅሉ ዝሆኔ ይለዋል፤ ትንኝ ከምታስተላልፈው ዝሆኔ ግን ይለያል፤ የዚህኛው መነሻ አፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ገበሬ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በእግሩ ቆዳ ይገባል፤ እግሩ ያብጣል፣ ይጠጥራል፣ ይቆስላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት በአገራችን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች በዚህ በሽታ እንደተያዙ ገምቷል። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ በማድረግ መከላከል የሚቻል በሽታ ነው። ይህን ቁጥር በጠራሁ ቁጥር የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ታዲያ በአንድ ማሳ በባዶ እግራቸው ከሚውሉ ሰዎች አንዱ ሲታመም ሌላው ለምን ደህና ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እህት ተጋላጭነት በአምስት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳየ። በ2012 ደግሞ እነ ዶክተር ፋሲል 194 ሕሙማንን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው፣ ተጋላጭነቱ ኤችኤልኤ ከሚባሉት የሰውነት መከላከያ ዘረመሎች ጋር እንደሚያያዝ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። በዚህ ውጤት ሁላችንም ኮርተናል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2009 የታተመው ሥራቸው ነው።

በዚያ ጥናት ሕሙማኑን፣ የአካባቢ መሪዎችንና የመስክ ሠራተኞችን፣ ሰዎች በዘረመል ጥናት እንዲሳተፉ ፈቃዳቸው እንዴት ሊጠየቅ እንደሚገባ ጠየቁ። ሰዉም ስጋቱን ነገራቸው፦ በሽታው በቤተሰብ የሚተላለፍ መሆኑ በምርምር ጎልቶ ከተነገረ መገለላችን ይብሳል አለ። ስጋቱ እውነተኛ መሠረት አለው። የታማሚ ቤተሰብ ልጁን ለመዳር ይቸገራል፤ ታማሚው ከትምህርት ቤት፣ ከዕድርና ከቤተ ክርስቲያን ሲርቅ ታይቷል። በእንዲህ ያለ መንደር የተመራማሪ መኪና አንድ ደጃፍ ላይ ቢቆም ለጎረቤት ስንት ነገር እንደሚናገር አስቡት። ስለዚህ ጥናቱ ሕሙማንን በሚያክመው የአካባቢው ማኅበር በኩል፣ ሕዝቡ በሚያምናቸው የመስክ ሠራተኞች አማካይነት እንዲካሄድ ተመከረ።

እኔ ከዚህ የምወስደው ይህን ነው። የስምምነት ቅጻችን የተዘጋጀው ለፈራሚው ነው፤ መርፌው ሊያምህ ይችላል፣ ስምህ አይገለጽም፣ በፈለግህ ጊዜ ማቋረጥ ትችላለህ ይለዋል። መልካም ነው። የዘረመል መረጃ ግን የፈራሚው ብቻ አይደለም። እሱ ሲፈርም በሚቀጥለው ዓመት ልትዳር የታጨችው እህቱ ወሬው ይደርስባታል፤ እሷን ማንም አልጠየቃትም። በምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎቻችን ስቀመጥ ስለ እሷ የሚጠይቅ አንቀጽ አላየሁም። ይህ ክፍተት የእኛ ነው፤ መሙላትም ያለብን እኛው ነን።

ሌላም አደጋ አለ። «በዘር ነው የመጣብኝ» ብሎ ያመነ ሰው ለልጁ ጫማ መግዛት ምን ይጠቅማል ሊል ይችላል። ስለዚህ አፈሩን ትቶ ተጋላጭነቱን ብቻ መንገር ጉዳት ነው። ከቤተሰብ የሚወረሰው ተጋላጭነት ነው፤ በሽታውን የሚያመጣው አፈሩ ነው፤ ያ ልጅ ከማንም በፊት ጫማ ያስፈልገዋል። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይህን በአካባቢው ቋንቋ በአግባቡ ካስረዳች ያው የዘረመል ግኝት ለቤተሰቡ መከላከያ ይሆነዋል።

ወጣት ተመራማሪዎቻችን ጊዜና በጀት የለንም እንደምትሉ አውቃለሁ። ነገር ግን በአገራችን የተሞከረው ፈጣን የሥነ ምግባር ዳሰሳ፣ ማለትም ጥናቱ ሳይጀመር የአካባቢውን ሰው ስለ ስጋቱና ስለ ፈቃድ አጠያየቁ አስቀድሞ ማነጋገር፣ በአጭር ጊዜና በመጠነኛ ወጪ የሚሠራ ነው። የላቦራቶሪ ዕቃ በሚሊዮን ስንገዛ ለዚህ ገንዘብ የለም ማለት አያስኬድም። ስለዚህ የሥራ አመራሩ ሁለት ሐሳብ ያቀርብላችኋል፦ በሚያገልል በሽታ ላይ የሚደረግ ማንኛውም የዘረመል ጥናት ናሙና ከመሰብሰቡ በፊት ይህን ዳሰሳ እንዲያካሂድ፤ ውጤቱን ወደ መንደሩ ተመልሶ ለማስረዳት የሚያስፈልገው ገንዘብም ከመነሻው በበጀቱ እንዲያዝ። ወደ ውጭ አገር ስለሚላኩ ናሙናዎችም የሚነሳ ብዙ ጥያቄ ስላለ ነገ ጠዋት ራሱን የቻለ ጊዜ ተመድቦለታል።

ከሰዓት በኋላ በየቡድናችሁ ስትወያዩ ሐሳቦቹን በደንብ ፈትሹልን፤ የማይሠራ ካለ በግልጽ ንገሩን፤ ነገ ማታ ድምፅ እንሰጥበታለን። ዓመታዊ ጉባኤያችን መከፈቱን በታላቅ አክብሮት አበሥራለሁ። አመሰግናለሁ።