እንገሩ ለጥጃው ይቅደም

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የደሴ ዙሪያ፣ የኩታበርና የሐይቅ ወተት አምራቾች፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

ስለ መኖ፣ ስለ ማዳቀልና ስለ ጥጃ አያያዝ ተናገር ተብያለሁ። እኔን ግን የሚያንገበግበኝ የጥጃው ሞት ነው።

የሐበሻ ላም ጥጃዋ ጠባ ጠባ አድርጎ ካላነቃት ወተቷን አትለቅም። ጥጃዋ ሞቶባት የነጠፈች ላም ያላየ ከመካከላችን የለም። ስለዚህ አባቶቻችን ጥጃውን እንደ ዓይን ብሌን ይጠብቁት ነበር። የፈረንጅ ዲቃላዋ ግን ጥጃ ባይኖርም ትታለባለች። ጥጃው ጠበቃ ያጣው እዚህ ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት ኩታበር አንድ ቤት ተጠራሁ። ጥቁርና ነጭ ሴት ጥጃ፣ ቤተሰቡ ስንት ዓመት የተመኛት፣ በተወለደች በአራተኛ ቀኗ ተቅማጥ ጥሏት እርጥብ መሬት ላይ ተጋድማለች። የቤቱ እመቤት የሆነውን አንድ በአንድ ነገሩኝ። ላሟ የወለደችው ጎህ ሳይቀድ ነው። የእንግዴ ልጁ ሳይወድቅ አትታለብም ተባለ፤ ጥጃዋም ከጡት ተከለከለች። የወደቀው አመሻሽ ላይ ነው። ያኔ ታለበች፤ እንገሩ ተፈላ፣ ለጎረቤት ሁሉ ተዳረሰ። ጥጃዋ በማግስቱ ጥቂት ቀመሰች። ያደረግሁላት ሁሉ አላተረፋትም።

እንገር ማካፈል ደግ ወግ ነው፤ አልነቅፍም። ግን ስሙኝ! የላም እንግዴ ልጅ የበሽታ መከላከያ ለጽንሱ አያሳልፍም። ጥጃ ባዶ እጁን ነው የሚወለደው፤ መከላከያው ያለው እንገሩ ውስጥ ነው። አንጀቱም ይህን ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ 24 ሰዓት ሲሞላ በሩ ተዘግቷል። 30 ኪሎ ለሚመዝን ጥጃ 3 ሊትር፣ በተወለደ በ6 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ይድረሰው። ጥጃ ሲጠባ የላሟ ማሕፀን ይኮማተራል፤ የእንግዴ ልጁንም ለመጣል ያግዛታል እንጂ አይጎዳትም። የተረፈውን አፍሉት፣ ጎረቤት ጥሩበት!

ወንድ ሲሆንማ ይብሳል። «ወንድ ነው፣ ምን ያደርግልናል» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰንጋ አደልቦ በሚያድር በወሎ ምድር እንዲህ ይባላል?

በየዓመቱ ስንት ላም እንደተዳቀለ ሪፖርት ይነበብልናል፤ እናጨበጭባለን። ከተወለደው ስንቱ ዓመት እንደሞላው የሚያነብልን ግን የለም! የኮርማው ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ ስንት አገር አቋርጦ ይመጣል፤ አዳቃዩ ዳገት ይወጣል፣ ላሟ ዘጠኝ ወር ትሸከማለች። ይህ ሁሉ ድካም በአንድ ቀን ቸልታ ይቀበራል።

የቀረውን ላሳጥር። እትብቱን አዮዲን ቀቡት። የደሴ ብርድ የሳንባ ምች ያመጣል፤ ደረቅ ጭድ አንጥፉለት፣ ከትልልቆቹም ለዩት። ባልዲውን እጠቡ። ስለ መኖና ስለ ማዳቀል የተበተነላችሁ ጽሑፍ ይበቃል።

ኮሚቴውን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፣ ዛሬውኑ ይወሰንልን። ላሟ የወለደችበትና ጥጃው እንገር የጠጣበት ሰዓት መዝገብ ላይ ይጻፍ። የሞተውም ይጻፍ፣ ወንድም ቢሆን።

አመሰግናለሁ።