ጎረቤቶቻችን፣ ጠይቁን

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ? ጥሪያችንን አክብራችሁ፣ ጫማችሁን ደጅ አውልቃችሁ መስጂዳችን ውስጥ አብራችሁን ስለተቀመጣችሁ አላህ ያክብርልን።

ለደሴ ሰው ስለ አብሮ መኖር መናገር ለቀባሪው አረዱት ነው። ከአንድ ቤት ወጥተው አንዱ ወደ መስጂድ፣ ሌላው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ዘመዳሞች እዚህም ተቀምጠዋል። ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ ይታረዳል፤ ማንም ቅር አይለውም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ የእኩልነት ጥያቄ ይዘው ሲወጡ ክርስቲያን ወገኖቻችን አብረው ተሰልፈዋል። ዒድ ብሔራዊ በዓል የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ፍቅሩ አልጎደለንም።

ግን ለየብቻ የሚታረደው ለምን እንደሆነ ስንቶቻችን ተጠያይቀናል? ቅር እንዳይለው ብለን በይሉኝታ እናልፈዋለን። እናንተ ሳትጠይቁ፣ እኛም ሳንነግራችሁ የቀረውን ሌላ ሰው ይሞላዋል። ልጆቻችን ስለ እስልምና የሚሰሙት ከጎረቤታቸው አፍ ሳይሆን፣ በሃይማኖት ንጽጽር ስም በየስልኩ ከሚሰዳደቡ ሰዎች ሆኗል። ተሳዳቢው ደግሞ ከእኛም ወገን አለ። ይህ እንቅልፍ ይነሳኛል።

የሐበሻውን ክርስቲያን ንጉሥ የነጃሺን ታሪክ ስናወራ ሁሌም የምናወድሰው ደግነታቸውን ነው። እኔ ጠያቂነታቸውን ላንሳ። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ሰሐቦች፣ ማለትም የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረቦች፣ ከመካ ሸሽተው ወደ ሐበሻ መጡ። ያሳደዷቸው የመካ ጎሣ ቁረይሾችም መልሱልን ብለው ዐምር ኢብኑል ዓስን ከጓደኛው ጋር፣ ከነስጦታው ላኩ። በእስልምና ታሪክ እንደተላለፈልን ንጉሡ የአንድ ወገን ወሬ ሰምተው አልፈረዱም። ስደተኞቹን አስጠርተው፣ ጳጳሳቱ ባሉበት፣ «ሃይማኖታችሁ ምንድን ነው?» አሉ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ተነሥቶ መለሰ፦ ጣዖት እናመልክ፣ ጎረቤት እንበድል፣ ብርቱው ደካማውን ይበላ ነበር፤ ነቢዩ ግን እውነት መናገርን፣ አደራ መጠበቅን፣ ለጎረቤት መልካም መዋልን አዘዙን። ከመጽሐፉ አሰማኝ ሲሉትም ከቁርኣን የመርየም (የማርያም) ምዕራፍ ቀራላቸው፤ ንጉሡ አለቀሱ።

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ማግስቱ ነው። መልክተኞቹ «ስለ ዒሳ (ኢየሱስ) የሚሉትን ጠይቋቸው» ብለው ነገር ሊሠሩ ተመለሱ። ንጉሡ ጠየቁ። ጃዕፈርም ጥገኝነቱን እንዳያጣ ብሎ አልሸሸገም፦ የአላህ ባሪያና መልክተኛ፣ ወደ መርየም የተጣለ ቃሉ ነው አለ። ልዩነቱ በግልጽ ተነግሮም ጥገኝነቱ አልተነሣም።

ስለዚህ ዛሬ ቀላሉንም ከባዱንም ጠይቁን። አዛኑ ምን እንደሚል፣ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ለምን እንደሚቀድም፣ ዘካ ለማን እንደሚሰጥ፣ ሴቶች ለምን ለብቻ እንደሚሰግዱ፣ ጂሃድ ምን እንደሆነ፣ ስለ ዒሳም ጭምር።

ለጀመዓችን፣ ለመስጂዳችን ምእመናን፣ አደራ አለኝ፦ የጠራናቸው ሊያውቁን ነው፤ ልናሰልማቸው ወይም ልንረታቸው አይደለም። የማታውቁት ከመጣ «ሸኹን ልጠይቅ» በሉ እንጂ አትገምቱ። ሰው ጠንከር ያለ ጥያቄ ቢያነሣ ፊታችሁ አይጥቆር።

የመግሪብ (ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰገደውን) ሶላት ማየት ለምትፈልጉ ከኋላ በኩል ምንጣፍ ተነጥፏል። ሴት እንግዶቻችንን እህቶቻችን በሴቶች በኩል ያስተናግዳሉ። ከሶላቱ በኋላ ግቢው ውስጥ ቡና አለ፤ ኡስታዞቹም ጥያቄያችሁ እስኪያልቅ እዚያው ይቀመጣሉ።