ጥፋቱ የማህፀን አይደለም

ጤና ይስጥልኝ፣ አሰላሙ አለይኩም። ዛሬ ቡና ላይ እንኳ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ስለሚወራ ጉዳይ ላውራ፤ ስለ ማህፀን መውጣት፣ ማለትም ማህፀን ከቦታው ለቆ ወደ ብልት ስለ መውረዱ። እዚህ ደሴም ሆነ ታች ኮምቦልቻ አንዲት ሴት «የሆነ ነገር ወረደብኝ» ስትል መጀመሪያ የምትሰማው መልስ «አብሽሪ» ነው። አብሽር ማለት ደግ ነው፤ ይህ ግን ከወጣ በኋላ ዝም ስላሉት ብቻ የሚመለስ ነገር አይደለም። ሁለተኛው መልስ ደግሞ «ማህፀኑን በቀዶ ሕክምና ማስወጣት ነው እንጂ» የሚለው ነው። እኔን የሚከነክነኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

ማህፀን ብቻውን አይወርድም። ከላይ ከዳሌ አጥንት ጋር የሚያያዙት ጅማቶች ሰቅለው ይዘውታል፤ ከታች ደግሞ የዳሌ ወለል ጡንቻ ይሸከመዋል። ምጥ ሲራዘም ወይም ሕፃኑ በመሣሪያ ሲሳብ ጡንቻው ከአጥንቱ ሊላቀቅ፣ ጅማቱም ሊላላ ይችላል። ከወር አበባ መቋረጥ በኋላ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይቀንሳል፤ ሥጋው ይሳሳል። በወጣትነት የደረሰ ጉዳት ብዙ ዓመት ቆይቶ የሚታየው ለዚህ ነው። የለቅሶ ድንኳን ገመዱ ሲላላ ሸራው ይረግባል፤ ሸራውን ቆርጦ መጣል ግን ገመዱን አያጠብቅም።

ደግሞ የሚወርደው ሁልጊዜ ማህፀን አይደለም። በብልት የፊት ግድግዳ በኩል ከሆነ የሽንት ፊኛ ነው፤ በኋላ በኩል ከሆነ የሰገራ አንጀት ነው። ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴትም የብልቷ የላይኛው (የውስጥ) ጫፍ ተገልብጦ ሊወርድ ይችላል። ምልክቱም እንደዚያው ይለያያል። አንዷ ሽንቷን ለመጨረስ እብጠቱን በጣቷ ወደ ውስጥ መግፋት አለባት፤ ሌላዋ ሰገራ እንዲወጣላት የብልቷን የኋላ ግድግዳ ትጫናለች። ይህን መናገር ያሳፍራል፤ ለሐኪሙ ግን የትኛው ግድግዳ እንደላላ ከሚጠቁሙት ነገሮች አንዱ ነው፣ አትደብቁት። ሽንት እያመለጣት ውዱዋ እየፈረሰ ሶላት የከበዳት፣ ፈሳሽ አለብኝ ብላ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የምትቆም ሴትም ይህንኑ ትናገር።

ምርመራው ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ እብጠቱ ይቀንሳል፤ ማታ፣ ቀኑን ሙሉ ቆመው ከዋሉ በኋላ ይብሳል። በጠዋት በጀርባ ተኝታ የተመረመረች ሴት «ምንም የለብሽም» ልትባል ትችላለች። ስለዚህ «አስምጡኝ፣ አስሉኝ፣ ካልታየ ቆሜ እዩኝ» ማለት መብት ነው። ደረጃው አራት ነው፤ የሚለካውም ከብልት አፍ ነው። ከአፉ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ከቀረ አንደኛ፣ በአፉ ዙሪያ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከሆነ ሁለተኛ፣ ከዚያ አልፎ ከወጣ ሦስተኛ፣ ጠቅላላው ከተገለበጠ አራተኛ ነው። አንደኛ ደረጃ ሆኖ የማያስቸግር ከሆነ ሕክምና ላያስፈልገው ይችላል።

ለአንደኛና ሁለተኛ ደረጃ የጡንቻ እንቅስቃሴ ይረዳል፤ በትክክል ከተሠራ። ፈስ እንደሚይዝ ሰው ፊንጢጣንና ብልትን ወደ ላይ መሳብ ነው። ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይዞ ያንኑ ያህል ማላላት፣ ቀስ በቀስ 10 ሰከንድ ማድረስ፤ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር። ትንፋሽ አይያዝ፣ ቂጥና ጭን አይጨበጥ። ብዙዎች ወደ ላይ በመሳብ ፈንታ ወደ ታች ያምጣሉ፤ ያ ደግሞ ያብሰዋል። ለውጡን ለማየት አራት ወር ያህል መታገሥ ያሻል። እንቅስቃሴው ብቻውን የወጣውን አካል ወደ ቦታው ይመልሰዋል ብሎ መጠበቅ ግን አይገባም፤ የሚያቀለው ክብደቱንና ሽንት ማምለጡን ነው።

ከእንቅስቃሴው ጎን የሚገፋውን ነገር መቀነስ አለ። 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ መሸከም ከ20 ኪሎ በላይ ነው፤ 5 ሊትር እየተመላለሱ መቅዳት ይሻላል። የማድቤት ጭስ ያመጣውን ሳል መታከም ነው። ድርቀትን ውሃ፣ አትክልትና ተልባ ያለሰልሱታል። ጫት ደግሞ አንጀት ያደርቃል፤ በየበርጫው ይህ ሲነሳ አልሰማሁም።

ፔሳሪ የሚባለው የሲሊኮን ቀለበት ከቀዶ ሕክምና በፊት መጠየቅ ያለበት ነገር ነው። ታጥፎ ይገባል፣ ውስጥ ይዘረጋል፣ የወረደውን ይደግፋል። ልኩ የሆነ ቀለበት አይሰማም፤ በእሱና በብልት ግድግዳ መካከል ጣት ያልፋል። ከክሊኒኩ ሳትወጡ ተራመዱ፣ ቁጢጥ በሉ፣ አስሉ፣ ሽንት ሽኑ። ወድቆ ከወጣ ያንሳል፤ ካመመ ወይም ሽንት ከከለከለ ይበዛል። የቀለበቱ ችግር መረሳቱ ነው። ደሴ አስገብታ ገጠር የተመለሰች እናት ቀጠሮዋ ካለፈ ቀለበቱ ሥጋ እየበላ ሊቀበር ይችላል፤ ሲከፋ ፊስቱላ ያስከትላል። ራሷ አውጥታ ማጠብ ካልቻለች ቢበዛ በየስድስት ወሩ ትታይ። ቀኑን ቤት ውስጥ ማንበብ የሚችል ሰው በወረቀት ይያዝላት።

ቀዶ ሕክምና ከተወሰነ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ማህፀኑን ካወጣችሁ በኋላ የብልቱን ጫፍ ምን ላይ ትሰቅሉታላችሁ?» መልሱ የአንድ ጠንካራ ጅማት ወይም አጥንት ስም መሆን አለበት። ማህፀኑ ያለ መስቀያ ከወጣ የብልቱ ጫፍ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ማህፀንን ሳያወጡ መስቀልም ይቻላል። የላላውን ለመደገፍ በብልት በኩል የሚገባውን ሰው ሠራሽ መረብ በተመለከተ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2019 ለዚህ ሕመም እንዳይሸጥ አግዷል። ለአረጋውያን ብልትን ሰፍቶ መዝጋት አጭርና ጥሩ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ግንኙነት የለምና ልጆቿ ሳይሆኑ እሷ ራሷ ትወስን።

ከቀዶው በኋላ ለስድስት ሳምንት ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ ግንኙነትና ማማጥ የለም። ይህ የሚከበረው ውሃና እንጨቱን ማን እንደሚያመጣ ከቀዶው በፊት ከተነጋገሩ ነው፤ ከሆስፒታል ከተመለሱ በኋላ ይረፍዳል።

ካረጡ በኋላ ደም ከታየ፣ ወይም ከወጣው አካል ላይ የማይድን ቁስል ካለ የማህፀን ወይም የማህፀን በር ካንሰር አለመሆኑ ቀድሞ ይጣራ። ሽንት ጨርሶ ከቆመ፣ የወጣው አካል ከጠቆረና አልመለስ ካለ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ነው።