አይጻፉኝ

እሺ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። አዎ ቀዩ በርቷል። እንዴት አመሻችሁ፣ እንደተለመደው ብርድ ልብስ ውስጥ ነኝ፣ የጎረቤት አውራ ዶሮም እንደተለመደው ሰዓት አያውቅም፣ መሀል ላይ ከጮኸ እኔን እንዳትወቅሱኝ። ኮሜንት ላይ ለሱ ብቻ ሰላም የምትሉትን ደግሞ እያየኋችሁ ነው።

ዛሬ ስለ ሚድ ፈተናው ላወራ ቃል ገብቼ ነበር፣ ግን የበቆሎዋ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ባለፈው ነካ አድርጌው ነበር አይደል፣ ያ የኢትኖግራፊ ኮርስ፣ ሰው እንዴት እንደሚኖር አጠገቡ ሆኖ እያዩ መጻፍን የሚያስተምረው። መምህራችን "ሰው ያለበት ቦታ አንድ ሰዓት ቁጭ በሉና ጻፉ" አለን፣ ደብተሩን ለሁለት ከፍላችሁ፣ በግራ ያያችሁትን፣ በቀኝ የመሰላችሁን፣ ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ። ለማዘር ስነግራት "ሦስት ዓመት ያስተማርንሽ ሰው ቁጭ ብለሽ እንድታዪ ነው?" አለችኝ። በረንዳዋ ላይ ሆና ስለ ሰፈሩ የያዘችው መረጃ ቢጻፍ እኮ ዶክተር ተብላ ነበር፣ ደግሞ በቀኝና በግራ ምናምን አትከፍልም፣ ያየችውም የመሰላትም አንድ ላይ ነው የሚመጣው።

ብቻ ሜክሲኮ ሄድኩ። ከታክሲ ሰልፉ ጀርባ፣ ካፊያ ነገር ነበር፣ 11 ሰዓት ገደማ። አንዲት ሴትዮ በቆሎ ትጠብሳለች። መጀመሪያ አንድ ገዛሁ፣ በራሱ ልጣጭ ጠቅልላ "እንኪ የኔ ልጅ፣ እሸት ነው፣ ጥርስሽን አያደክመውም" አለችኝ። እንኪ የኔ ልጅ። ይሄን ያዙልኝ። ከዛ ትንሽ ራቅ ብሎ ድንጋይ አለ፣ እሱ ላይ ተቀምጬ ደብተሬን አወጣሁ፣ ያንን ሰማያዊ ጠንካራ ልባስ ያለውን፣ የሒሳብ ሹም የሚያስመስለኝን።

በግራ በኩል ምን ጻፍኩ... ከዚህ ላንብብላችሁ። "ፀጉሯ ላይ ፌስታል አስራለች። በካርቶን ቁራጭ ታራግባለች። በቆሎውን በባዶ እጇ ታገላብጣለች፣ ጣቷን ጆሮዋ ጋ ወስዳ ትይዛለች፣ ታገላብጣለች።" ሲፈጃት መሆኑ ነው፣ እኔም ድስት ሲፈጀኝ ጆሮዬን ነው የምይዘው ለምን እንደሆነ አላውቅም። "ልጅ፣ 10 ዓመት አካባቢ፣ ጥግ ላይ ቆሟል። በቆሎ ሰጠችው። አልከፈለም።" በቀኝ በኩል ደግሞ "ልጇ? ወይስ ደግነት?" ብዬ ከስሯ አስምሬባታለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበራ፣ የሆነ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ። እና ቀጥሎ ምን ይላል፣ "11:40። ልጁ አፏጨ። ሴትዮዋ ተነሳች።"

በቃ ይሄው ነው የተጻፈው። ልጁ አፏጨ ሴትዮዋ ተነሳች።

ያልተጻፈው፣ ከሰሉ ላይ ሦስት በቆሎ ነበር፣ ገና ግማሽ እንኳን ያልደረሰ፣ እሳት እንደላሰው ወደ ፌስታል ስትከተው ፌስታሉ ሲቀልጥ አያለሁ። ማንደጃዋን አንጠልጥላ ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እና እኔን፣ የ21 ዓመት ልጅ፣ ማዘርን የምታክል ሴት፣ "እየተነሳሁ ነው፣ አይጻፉኝ" አለችኝ።

አይጻፉኝ። አንቱ አለችኝ እኮ። ከግማሽ ሰዓት በፊት እንኪ የኔ ልጅ ያለችኝ ሴትዮ። በመሀል ምን ተቀየረ ብትሉኝ ደብተር ነው የወጣው፣ በቃ።

ደንብ አስከባሪ መስዬያት ነው፣ መንገድ ላይ የሚሸጡትን የሚያስነሳው። ደንብ ሲመጣ እንዲያፏጭ ነው ልጁ የቆመው፣ በቆሎውም ደሞዙ ነው መሰለኝ። እና ያፏጨው እኔን አይቶ ነው! እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ በሰዓቱ እመዘግባለሁ፣ 11:40 ላይ አፏጨ እያልኩ። "ተማሪ ነኝ፣ አይደለም፣ ተማሪ ነኝ" ስል ሄዳለች። ደግሞ አፌ ላይ በቆሎ አለ፣ በቆሎ አፍ ሙሉ ይዛችሁ ተማሪ ነኝ ለማለት ሞክሩ እስቲ።

በሳምንቱ ክላስ ውስጥ ያ የጊርትዝ ነገር መጣ። ክሊፎርድ ጊርትዝ የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በፈረንጆቹ 1973 ላይ የጻፈው፣ ራይል ከሚባል ፈላስፋ ወስዶ፣ ሁለት ልጆች የቀኝ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ፣ አንደኛው ሳያውቀው ነው፣ ሌላኛው ለጓደኛው እየጠቀሰ ነው፣ በካሜራ ብታዩት አንድ ናቸው ልዩነታቸው ግን የትየለሌ ነው የሚል። ሁሉም ሰው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። እኔ ያ ፉጨት ጆሮዬ ላይ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሦስተኛ አለ እኮ፣ ዓይን ዝም ብሎ ሲርገበገብ እንግዳ ሊመጣ ነው ይባላል፣ ጊርትዝ አክስቴን ቢያገኛት... ደግሞ አስባችሁት ታውቃላችሁ፣ በአማርኛ ዓይን መጥቀስም መጽሐፍ መጥቀስም ያው መጥቀስ ነው። ሴትዮዋን ጠቅሻታለሁ አሳይመንቴ ላይ። ቃል በቃል። በትምህርተ ጥቅስ። "አይጻፉኝ" ብዬ ጻፍኩት።

9 ከ10 አገኘሁ። መምህሩ ጎኑ ላይ "ግሩም ዳታ" ብሎ ጽፎበታል፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ክፋት የለውም፣ ግን...

አንድ ጎንደሬ ጓደኛዬ ደግሞ ስነግራት ምን አለችኝ፣ "ይሄ ሙያችሁ ከጥንትም እንዲሁ ነው"። ማርሴል ግሪዮል የሚባል ፈረንሳዊ የኢትኖግራፊ ሰው አለ፣ በፈረንጆቹ ከ1931 እስከ 1933 ከዳካር ጅቡቲ ድረስ ቡድን ይዞ አህጉሩን ያቋረጠ። 1932 ላይ ጎንደር ለወራት ተቀምጠው፣ አጥንተው፣ ጽፈው፣ የአባ እንጦንስ ቤተክርስቲያንን ሥዕል ከግድግዳው አነሱና በምትኩ ራሳቸው የሣሉትን ቅጂ ለጥፈው ዋናውን ፓሪስ ወሰዱት። እስካሁን እዛው ሙዚየም ነው። እኔ እንግዲህ የወሰድኩት አንድ ቃል ነው... አሁን ይሄ ምን የሚሉት ማወዳደር ነው፣ 30 ብር በቆሎ የበላች ተማሪ ራሷን ከግሪዮል ጋር፣ ሃሃ። ቅጂም አልተውኩላት ደግሞ።

የክላስ ልጆች ፈቃድ ብትጠይቂያት ኖሮ ይላሉ። እሺ፣ ብጠይቃት? "እዚህ ተቀምጬ ልጻፍሽ?" ብላት እኮ ያኔውኑ ነበር የምትነሳው። ወይ ደግሞ ላትነሳ ትችል ነበር፣ ስቃ በርጩማ ትሰጠኝ ነበር። ወይም ደብተሩን ትቼ ቤት ሄጄ ብጽፈው፣ ግን ያ አይብስም? እንዳላወቀች መጻፍ... ወይ አይብስም። አላውቅም። አንዳንዴ ጉዳዩን አካበድኩት እላለሁ፣ በነጋታው ሌላ ቦታ ጠብሳ ሸጣለች። ከዛ ያ ፌስታል ሲቀልጥ ትዝ ይለኛል።

ትናንት በዛ በኩል አለፍኩ። የሄድኩት ለታክሲ ነው እሺ፣ ላያት አይደለም። ድንጋዩ አለ፣ እሷ የለችም፣ ያው ቀኑም ገና ነበር። ልጁ ግን ነበረ። አየኝ። ፊቴን አይደለም፣ ቦርሳዬን ነው ያየው፣ እኔም ለምን እንደሆነ እንጃ ዚፑን ዘጋሁት። እንደዛ ሳደርግ ደግሞ ይባስ... ሰላም ልለው አፌን ስከፍት ወያላው ጦር ኃይሎች ጦር ኃይሎች ሲል...

ይኸው ጮኸ። ሰማችሁት? ከምሽቱ 3 ሰዓት እኮ ነው፣ ምን ታየው ይሄ ዶሮ። ቆይ ማዘርም እየጠራችኝ ነው መሰለኝ፣ አቤት! መጣሁ...