ግቢ ገባችሁ፦ ለአዲስ ተማሪዎች አቀባበል የተደረገ ንግግር

ውድ አዲስ ተማሪዎቻችን፣ ከሩቅም ከቅርብም ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ መምህራንና የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ በየሰፈራችሁ ስለ እናንተ የሚወራው አንድ ነገር ነው። «የእገሊት ልጅ ግቢ ገባች» ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ገባች የሚል ሰው ጥቂት ነው። እኔ ይህን ቃል በጣም እወደዋለሁ።

በድሮ ሰው አፍ ግቢ ማለት ቤተ መንግሥት ነበር። ሹመት የሚሰጠው፣ ግብር የሚበላው እዚያ ነው። ደሃ ደጁን ይጠናል እንጂ እንዳሻው አይገባበትም። በ1954 ዓ.ም. ግን ስድስት ኪሎ ያለው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። የንጉሥ ግቢ የተማሪ ግቢ ሆነ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን የተማርኩት እዚያ ነው። የገበሬ ልጅ ነኝ። የቤተ መንግሥቱን ደረጃ መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ጉልበቴ ተንቀጥቅጧል።

ሌላም ግቢ አለ። ያደጋችሁበት ግቢ። አጥሩ ቆርቆሮም ይሁን እሾህ፣ በዚያ ግቢ አንድ ልጅ እስከ ረፋድ ድረስ ካልታየ «ምን ሆኖ ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለዚህች ጥያቄ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ተነስቼ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ስወርድ መሽቶ ነበር። አንድ ሻንጣና እናቴ በሶና ዳቦ ቆሎ የሞላችበት ከረጢት ይዣለሁ። «ዕቃሽን ለማንም እንዳትሰጪ» ብላኛለች። ሁለት ልጆች መጡና «ፍሬሽ ነሽ?» አሉኝ። ከረጢቱን ሲያነሱት አልለቅም ብዬ ታገልኩ። ሲኒየሮች ነበሩ። አዲስ ተማሪ ሊቀበሉ የወጡ። እስከ ዶርም ተሸክመውልኝ ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት አንደኛዋ መጥታ በር አንኳኳች። «ቁርስ አትበዪም እንዴ?» ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አሁን ደግሞ የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ የሪሜዲያል፣ ማለትም የማለፊያ ውጤት ስላልመጣለት የማካካሻ ትምህርት የሚወስድ፣ ተማሪ ነበረን። ዘጠኝ ቀን ክፍል አልገባም። መምህራኑ ቀሪ እያሉ መዝግበዋል። ወረቀቱ ቢሮ ደርሷል። የጠየቀ ግን የለም። የጠየቁት ካፌ ውስጥ ወጥ የሚያወጡ እናት ናቸው። «ያ ሁልጊዜ መረቅ ጨምሪልኝ የሚለኝ ልጅ የት ሄደ?» ብለው ፕሮክተሩን፣ የዶርሙን ተቆጣጣሪ፣ ያዙት። ልጁ አልጋው ላይ ተገኘ። አባቱ ሞቶ ነበር። ዶርም ውስጥ የሚያውቀው ሰው ስለሌለ ለማንም አልተናገረም። ሙሉ ሬጅስትራር፣ ሙሉ የተማሪዎች አገልግሎት ያለን ሰዎች ያላየነውን እሳቸው በጭልፋቸው አዩት። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ይህን የምላችሁ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በፍጥነት እየተለወጡ ስለሆነ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሪሜዲያል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ2015 የመውጫ ፈተና ተጀመረ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆነ። የእኛም ተራ ይደርሳል።

ለውጡን አልቃወምም። ያልተማረን ልጅ ዲግሪ አስይዞ መሸኘት እሱንም ቤተሰቡንም መበደል ነው። ራስ ገዝነትም ቢሆን መምህሩን ራሳችን መርጠን ለመቅጠር፣ በጀታችንን ራሳችን ለማስተዳደር ያስችለናል። የምፈራው አንድ ነገር አለ። ገንዘብ መቁጠር ስንጀምር መጀመሪያ ዓይናችን የሚያርፈው ዶርምና ካፌ ላይ ይሆናል። ለዓመታት የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት 22 ብር ነበር። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት በ22 ብር! በ2017 ወደ 100 ብር ከፍ ሲል እፎይ ብለናል። ገበያውን ግን ወላጆች ታውቁታላችሁ። «ይህ ወጪ ነው፣ ይቀነስ» የሚል ሐሳብ ነገ ጠረጴዛዬ ላይ ቢመጣ፣ ያቺ ካፌ አንድን ልጅ እንዳገኘችልን እነግራቸዋለሁ።

ሪሜዲያል የገባችሁ ልጆች፣ ለእናንተ ለብቻ የምለው አለኝ። ስማችሁን ስትጠየቁ «ሪሜዲያል ነኝ» የምትሉት ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ነው። ሰምቻችኋለሁ። ፈተናውን ካላለፋችሁ እንደምትመለሱ ስለምታውቁ ሻንጣችሁን እንኳ በደንብ አትፈቱም። እባካችሁ ፍቱት። ልብሳችሁን ቁምሳጥን ውስጥ ስቀሉ። ለአንድ ወርም ይሁን ለአምስት ዓመት፣ እዚህ እስካላችሁ የዚህ ግቢ ልጆች ናችሁ።

ዘንድሮ የሚለወጥ ነገር አለ። እያንዳንዱ አዲስ ተማሪ ስሙን የሚያውቅ አንድ መምህር ይኖረዋል። አንድ ተማሪ ሦስት ቀን ቀሪ ከሆነ ያ መምህር ወይም ፕሮክተሩ ዶርም ድረስ ይሄዳል። በስልክ አይበቃም፣ በአካል ይሄዳል። መምህራን፣ ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም ይህን ከእናንተ እጠይቃለሁ። እኔም አሥራ አምስት ተማሪዎች ወስጃለሁ። ዝርዝሩ ነገ ይለጠፋል፤ ስማችሁን ከኔ ስም ሥር ያያችሁ እንዳትደነግጡ።

ሲኒየሮች፣ ትናንት ከመናኸሪያ እስከ በራችን ሻንጣ ስትሸከሙ አይቻችኋለሁ። ከልቤ አመሰግናችኋለሁ። አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ነገ ጠዋት ደግሞ በር አንኳኩ።

ወላጆች፣ ከመመለሳችሁ በፊት ልጆቻችሁ የሚተኙበትን ዶርም ግቡና እዩ። የጎደለ ነገር ካለ ለፕሮክተሩ ንገሩት፣ እሱ ካልሰማችሁ ለኔ። ለእራት ካፌው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይከፈታል። የነገርኳችሁ እናት ዛሬ ተረኛ ናቸው። ተማሪዎች፣ ሰሃን ስታነሱ ስማችሁን ንገሯቸው።