ጎዶሎ የውድድር መኪና ሻንሲ ምን ይደረጋል?

[ምስል፦ ግቢ ውስጥ በሁለት በርሜል ላይ የተጋደመ የዛገ የብረት አጽም]

ሰላም ወገን! ያለሁት ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ፣ አንድ ሰው ግቢ ውስጥ ነው። ይሄ የምታዩት ነገር የተሰበረ አልጋ አይደለም፣ የውኃ ታንከር መቆሚያም አይደለም። ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ግምት ሰጥቷል። የድሮ የውድድር መኪና ሻንሲ ነው፣ ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚታሰርበት የብረት አጽም። ሞተር የለውም፣ ካምቢዮ የለውም፣ ጎማም ቦዲም የለውም። ባለቤቱ ግቢውን ሲገዛ ጥግ ላይ ተጥሎ አገኘው። ቆራሌው በኪሎ ልውሰደው ይላል፣ የእህቱ ልጅ የባጃጅ ሞተር ገጥመን ሐይቁ ዳር እንንዳው ይላል፣ እሱ ደግሞ ግራ ገብቶት እኔን ጠራኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ያወጣል?" ብሎ ነው። ቆይ! መጀመሪያ የጎደለው ምን እንደሆነ እንይ። የጎደለው ፋብሪካ በሚሊዮን ያመረተው ዕቃ ነው ወይስ አንድ ሰው ለዚህች መኪና ብቻ ብሎ በእጁ የሠራው? የመጀመሪያው ከሆነ በፍለጋ ይገኛል። ሁለተኛው ከሆነ ወይ እንደገና ታሠራላችሁ ወይ ሌላኛውን ግማሽ ለያዘ ሰው ትሸጣላችሁ።

[ምስል፦ የሻንሲው ፊት በቅርበት]

እዚህ ጋ ተመልከቱ። ፊት ለፊቱ ላይ ሁለት ቱቦ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ አግድም የሚቀመጥበት ማሰሪያ አለ። ቮልስ የፈታ መካኒክ ይሄን አይቶ ወዲያው ነው የሚያውቀው። የድሮዋ ቮልስ የፊት አክስል እንዲህ ሁለት ቱቦ ነው፣ ውስጡ ሞላ ሆነው የሚጠመዘዙ ስስ ብረቶች አሉት። የውድድር ሻንሲ ላይ የቮልስ አክስል ቦታ ካያችሁ መጀመሪያ መጠርጠር ያለባችሁ ፎርሙላ ቪን ነው።

ፎርሙላ ቪ ምንድነው? እ.ኤ.አ. በ1959 ፍሎሪዳ ውስጥ የቮልስዋገን ነጋዴ የነበረው ሁበርት ብራንዴጅ፣ ቱሪን ጣሊያን ያለው ኤንሪኮ ናርዲ ከቮልስ ዕቃ አንዲት ትንሽ የውድድር መኪና እንዲሠራለት አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ውስጥ ራሱን የቻለ የውድድር ዘርፍ ሆነ። ሐሳቡ ርካሽ መኪና መሥራት ነው። ሞተሩ የ1200 ቮልስ፣ በትክክል 1,192 ሲሲ፣ ካምቢዮው የቮልስ፣ ፍሬኑ የቮልስ፣ ቸርኬው የቮልስ። በእጅ የሚሠራው የቱቦ ሻንሲውና ቦዲው ነው። ርካሽ ነው ብላችሁ አትናቁት፣ ኒኪ ላውዳም ኤመርሰን ፊቲፓልዲም ኬኬ ሮዝበርግም ፎርሙላ ዋን ከመድረሳቸው በፊት በዚህ ነድተዋል። ሦስቱም የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል።

እንግዲህ የኛ ሰውዬ ዕድል እዚህ ላይ ነው። ከመኪናው በጣም አስቸጋሪው ክፍል እጁ ላይ ነው፣ የጎደለው ግን አገራችን ለስልሳ ዓመት ስትፈታውና ስትገጥመው የኖረችው ዕቃ ነው። ጃንሆይን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው እንኳ ቮልስ ናት! ሌላ ዓይነት ሻንሲ ቢሆን፣ ለምሳሌ የእንግሊዝ የውድድር ካምቢዮ የሚፈልግ ቢሆን፣ ሽጠው ነበር የምለው።

ግን ማንኛውም ቮልስ አይሆንም። የፊት አክስሉ የአሮጌው ዓይነት መሆን አለበት፣ በእ.ኤ.አ. አቆጣጠር እስከ 1965 ድረስ የተሠራው። ከዚያ በኋላ የመጣው በቦል ጆይንት (እንደ ኳስ በሚዞር መገጣጠሚያ) ነው፣ አይሆንም። ቸርኬውን እዩ፦ በአራት ብሎን የሚታሰር ከሆነ የኋላው ነው፣ ተዉት። በአምስት ከሆነም ቦል ጆይንት እንደሌለው አረጋግጡ፣ የመጀመሪያዎቹ ባለ ቦል ጆይንቶችም በአምስት ነበሩ። ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ዝም ብላችሁ "የቮልስ አክስል" ካላችሁ የመጣውን ይሰጧችኋል፣ ባለ አምስት ብሎን፣ ቦል ጆይንት የሌለው ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞ እባካችሁ፣ በእግሯ የምትሄድ ቮልስ ገዝታችሁ ለዚህ ብላችሁ እንዳታርዱ! አንድ እርግጠኛ ያልሆነ መኪና ለማዳን አንድ ጤነኛ መኪና መግደል ነውር ነው። ሌላ ፎርሙላ ቪ ከውጭ አስመጥቼ አወላልቃለሁ የሚለውም አይሠራም፣ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ተከልክሏል።

የካምቢዮው ነገር ደግሞ ይገርማል። ቮልስ ላይ ሞተሩ ከኋላ ጎማው ኋላ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ፎርሙላ ቪ ላይ ሞተርና ካምቢዮው አንድ ላይ ይዞሩና ሞተሩ ከሾፌሩ ጀርባ፣ ከኋላ አክስሉ ፊት ይገባል። ስትዞሩት ግን የጎማው አዟዟርም ይገለበጣል፣ እንዳለ ከተዋችሁት አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ያላት መኪና ሠራችሁ ማለት ነው። መፍትሔው ካምቢዮውን ከፍቶ ኮሮናውን፣ ማለትም ኃይሉን ወደ ጎማው የሚያዞረውን ትልቁን ጥርስ፣ በሌላው ጎን ገልብጦ መግጠም ነው። ጎበዝ የቮልስ መካኒክ ይሠራዋል፣ አስቀድማችሁ ካልነገራችሁት ግን ይስቅባችኋል።

[ምስል፦ የታችኛው ቱቦ፣ መዶሻ]

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ዝገቱን እዩ። ባሕር ዳር ነን፣ ክረምቱ ረጅም ነው፣ ቱቦው ውስጥ የገባ ውኃ መውጫ የለውም። ከላይ ቀለሙ ደህና ሆኖ ከውስጥ ወረቀት የሆነ ቱቦ አለ። በትንሽ መዶሻ ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ ሂዱ፣ በተለይ የታችኞቹን። ደህናው ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። የተጠራጠራችሁት ላይ በቀጭን መሰርሰሪያ ቀዳዳ አውጥታችሁ የብረቱን ውፍረት ለኩ። መገጣጠሚያውንም ፋቅ አድርጋችሁ እዩ፣ ቢጫ ከሆነ በነሐስ የተበየደ ነው፣ እዚያ ላይ ሰፈር ያለው በያጅ በኤሌክትሪክ ከደረበበት ይሰነጠቃል። ቀለም ደግሞ አሁን እንዳትቀቡ። ቀለም ስንጥቁን ይደብቃል፣ ቁጥሩንም ይደብቃል።

ቁጥሩ ትልቅ ነገር ነው። የሻንሲ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ላሜራ ወይም ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር ፈልጉ። ላይኖርም ይችላል፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ ፎርሙላ ቪዎች ሳይገጣጠሙ ተሸጠው ባለቤቱ ራሱ የሚገጣጥማቸው ነበሩ። ከሌለ የለም። አዲስ ቁጥር እንዳታስመቱ! የድሮ የውድድር መኪና ዓለም ውስጥ ትልቁ ጠብ ሁለት መኪና አንድ ማንነት ይዘው ሲገኙ ነው። ከውጭ ገዢ የሚመጣ ከሆነም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይሄንኑ ነው፣ እና በሜትር የተለካ ፎቶ። የቮልስ የፊትና የኋላ ጎማ መሃል ለመሃል ርቀት 2 ሜትር ከ40 ነው፣ ፎርሙላ ቪ ከዚያ ያጥራል፣ ለክታችሁ ጻፉ።

የባጃጁን ሐሳብ በተመለከተ፣ ወንድሜ፣ ተወው። ታርጋ አይወጣለትም፣ ሾፌሩ የሚቀመጠው መሬት ለመሬት ነው፣ የአባይ ድልድይ ላይ ያለ ሲኖትራክ በመስታወቱ አያይህም። የባጃጅ ሞተር ለማሰር የምትቆርጠው ቱቦም ያ በእጅ የተሠራው፣ የማይተካው ነው።

እኔ የመከርኩት እንዲህ ነው። አትሽጠው፣ አትቁረጠው፣ ሞተርም አትግዛለት። በራሱ ጎማ እንዲቆም አድርግና እዚያ ላይ አቁም። የፊት አክስል፣ የኋላ አክስል ከካምቢዮው ጋር፣ አራት ቸርኬ፣ መሪ። የሚገፋ ሻንሲ ዝናብ ሲመጣ ወደ ጣሪያ ሥር ይገባል፣ በርሜል ላይ ያለ ግን ለዓመታት እዚያው ይበሰብሳል። ማጠናቀቅ ቢያምረው መንገዱ ክፍት ነው፣ መሸጥ ቢፈልግም ዋጋው ከአሁኑ ይሻላል። ሰውዬው ተስማምቷል፣ የእህቱ ልጅ ግን አኩርፏል።

አሁን የምንፈልገው ባለ አምስት ብሎኑን የፊት አክስል ነው። ጎንደርም ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ ጋራዥ ጥግ የተጣለ ካያችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን። የሞተር ዋጋ ግን አትላኩ፣ ገና ነን።